ከአንዷ በቀር

እኔ የማስጎበኛትን የደሴት ከተማ ሌቩካን ለአንድ ቀን ሊያዩ ከጀልባ ከወረዱት መሀል ካሜራ ያልያዙት እኚያ ሴትዮ ብቻ ነበሩ። አዲስ ቀሚስ ለብሰው፣ በጋዜጣ የተጠቀለለ የካቫ ሥር በብብታቸው ሸጉጠዋል። ካቫ እኛ ለዘመድ ቤት የምንወስደው እጅ መንሻ ነው እንጂ ጎብኚ ይዞት አይዞርም።

«መንገዴ ነው፣ አብሬያችሁ ልውጣ» አሉኝ።

እንግዶቼን ቤተ ክርስቲያኑን ሳሳይ እሳቸው ዳገቱን ያያሉ። በዳገቱ ደረጃ ላይ ሰባራውን እርከን ዝቅ ብለው እንኳ ሳያዩ ተሻገሩት።

ቢጫው የእንጨት ቤት ጋ ስንደርስ የዘወትር ወሬዬን ለቀቅኩት፦ «ባለቤቶቹ ወንድማማቾች ለእንግዳ ማረፊያ ሸጠውት ባሕር ማዶ ኦክላንድ ገቡ። ቤተሰቡ በሙሉ ተስማምቶ ነው።»

«በሙሉ?»

«አዎ እማማ፣ አንድም የቀረ የለም።»

«ባለፈው ሳምንት ወንድሞቼ ደውለው ‹ክፍልሽን ቀለም ቀባንልሽ› አሉኝ እኮ።»

ሴትዮዋ በሩን ቢያንኳኩም ካቫውን የሚቀበላቸው ሰው እንደሌለ ገባቸው መሰለኝ፣ ጥቅሉን ወደ ደረታቸው ጠበቅ አደረጉት። ማታ ከጎብኚዎቹ ጋር ተሰልፈው ወደ ጀልባው ሲገቡ ግን ዞር አሉ።

«ልጄ፣ ነገ ለሌሎቹ ስታወራ ‹ከአንዷ በቀር› በል።»