የአባቴ የፈረሰኛ ሽጉጥ

ላምባ በሸተተኝ ቁጥር የአባቴ ሽጉጥ ትዝ ይለኛል። ጆሃንስበርግ አጠገብ ባለችው ጻካኔ ስፓዛ ሾፕ የሚሏት ትንሽ የሰፈር ሱቅ ነበረችን፤ አባቴ ቅዳሜ ጠዋት ጨርቅ ላምባ ውስጥ ነክሮ፣ ሽጉጡን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ፣ ዝገቱን ቀስ እያለ ይፈትግ ነበር፤ እናቴ ደግሞ ሽታው ዳቦው ውስጥ ይገባል እያለች ትነጫነጭ ነበር።

ሽጉጡ የተገኘው በክረምት ነው፤ የጆሃንስበርግ ክረምት ዝናብ የለውም፣ ደረቅ ብርድ ብቻ ነው። አባቴ ብራክፓን በምትባለው ጎረቤት ከተማ ከሚኖሩ አንድ እንግሊዛዊ አዛውንት ለሱቁ የሚሆን አሮጌ ቁም ሳጥን ገዝቶ ሲያመጣ፣ መሳቢያው ውስጥ አገኘው። በማግስቱ ሊመልሰው ሄደ። ሰውዬው ግን የድሮ የእንግሊዝ ፈረሰኛ ኮርቻው ላይ ይዞት የሚሄድ፣ በባልጩት ድንጋይ ብልጭታ የሚተኮስ መሣሪያ እንደሆነ፣ ድንጋዩም ከጠፋ ብዙ ዘመን እንዳለፈው ነግረውት፣ «ልጆቼ አይፈልጉትም፤ ውሰደው» ብለው አሰናበቱት። እጀታው ጫፍ ላይ ከባድ የናስ ቆብ ነበረው፣ ጎኑ ላይ ዘውድ ተቀርጾበታል፣ ባሩድ መጠቅጠቂያው ዘንግም ፈረሰኛው እንዳይጥለው ከአፈሙዙ ሥር በማጠፊያ ተያይዟል።

ጸደይ ሲገባ ሁለት መንገድ አልፎ ሱቅ ያለው የሆሳዕና ልጅ በጥይት ቆሰለ፤ የሰፈሩ አበሻ ሁሉ ሽጉጥ መግዛት ጀመረ። አባቴ የቸርች ሽማግሌ ስለነበር ሰው የሚገድል ነገር ቤቴ አይገባም አለ፤ ፍርሃቱ ግን አልለቀቀውምና አሮጌውን ሽጉጥ ከሱቁ መስኮት የብረት ፍርግርግ ጀርባ፣ ደንበኛ እንዲያየው አድርጎ ሰቀለው።

«አይገድልም፤ ያስፈራል» አለ።

«ጌታ ካልጠበቀን ይሄ ዝገት ሊጠብቀን ነው?» አለች እናቴ።

እኔ ግን ኮራሁበት። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። የክፍሌ ልጆች «ፌክ ነው» ብለው ሲያሾፉብኝ፣ ጣቴን ልሼ ወደ ሰማይ አንስቼ «ይተኩሳል!» ብዬ ማልኩላቸው። መማልን የተማርኩት ከእነሱው ነው፤ አባቴ ቃላችን አዎን ከሆነ አዎን፣ አይደለም ከሆነ አይደለም ይሁን ስለሚል እኛ ቤት መማል ክልክል ነበር። ወሬው ሰፈሩን አዳረሰ፤ ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነውና አባቴ ብቻ አልሰማም። በዚያ ሰፈር ሌባ ከገንዘብ ይልቅ ሽጉጥ ፍለጋ እንደሚመጣ እኔ አላውቅም ነበር።

የመጡት በታኅሣሥ፣ ከሰዓት በኋላ መብረቅና በረዶ በሚበዛበት ወቅት፣ ለዳቦ መኪናው የተከፈተው በር ሳይዘጋ ነው። ሁለት ወጣቶች ነበሩ። እኔ ከቁም ሳጥኑ ጀርባ ተሸጎጥኩ።

«ሽጉጡን አምጣ!» አሉት በዙሉ ቋንቋ።

አባቴ ከሚስማሩ አውርዶ ሰጣቸው። አንደኛው አገላብጦ አየውና ሳቀ፤ ከዚያ ፊቱ ተለወጠ። «ይሄን አይደለም፤ የሚተኩሰውን!»

«ሌላ የለኝም።»

«ፉንጋ!» አለው፤ ማል ማለቱ ነው። «በእናትህ ማል!»

«የለኝም ብያለሁ» አለ አባቴ፤ አልማለም። በዚያው የናስ ቆብ ጉንጩን መታው። እንደገና ጠየቀው፣ አባቴ ያንኑ መለሰ፣ እንደገና መታው። «የዋሸሁት እኔ ነኝ» ብዬ መውጣት ነበረብኝ፤ ፈራሁ። በመጨረሻ ሽጉጡን ወርውረው፣ ሲጋራውን ዘግነው ሄዱ።

ዛሬ ሱቁ የለም። አባቴ ጆሃንስበርግ ውስጥ ዮቪል በሚባለው ሰፈር እኔ ጋ ይኖራል፤ የጉንጩ አጥንት እንደጎደጎደ ቀርቷል፣ ብርድ ሲሆን በዚያ በኩል ያለው ዓይኑ ያለቅሳል። ሽጉጡን ላምባ የምቀባው እኔ ነኝ። ባለፈው ክረምት ስፈትገው ሲያየኝ ቆየና፣ «ልጄ፣ ለመሆኑ ይተኩሳል ብሎ የነገራቸው ማን ይሆን?» አለኝ።

«እንጃ አባባ» አልኩት።

ራሱን ነቅንቆ ተወው፣ ዳግመኛም አልጠየቀኝም። ያኔ እውነቱን ያለ መሐላ የሚቀበለው ጠፍቶ ያን ሁሉ ተደበደበ፤ እሱ ግን የእኔን ውሸት ያለ መሐላ ተቀበለኝ።