በቀትር የሚጣራው ወፍ

አባቴ ባቡር ነጂ ስለነበር ቤታችን ውስጥ እንቅልፍ እንደ ውሃ የሚቆጠብ ነገር ነበር። የጭነት ባቡር መቼ እንደሚነሳ አስቀድሞ አይታወቅም። ከጅቡቲ መስመር ሲመለስ ፊቱን እንኳ ሳይታጠብ ይጋደማል። የሞተር ዘይት ሽታው ትራሱ ውስጥ ገብቶ ነበር፤ እናቴ ብታጥበውም አይለቅም። እሷ የመስኮቶቹን መዝጊያ ትዘጋና ታናሽ ወንድሜን አጥብታ አጠገቡ ትጋደማለች። ሰፈራችን ከዚራ ቀትር ላይ ዝም ይላል፤ ሱቁም ቢሮውም ይዘጋል፣ ከተማው በሙሉ ይተኛል። እኔ ግን ትምህርት ቤት ገና ያልገባሁ ትንሽ ሴት ልጅ ነበርኩና እንቅልፍ አይወስደኝም። በጣት ጫፍ እየተራመድኩ ወደ በረንዳው እወጣለሁ።

በረንዳው ላይ፣ በሽቦ ጎጆው ውስጥ፣ ወፉ አለ።

ያመጣው ራሱ አባቴ ነው። ወደ አገሩ የሚመለስ ፈረንሳዊ አለቃው «ውሰደው» ሲለው እምቢ ማለት አልቻለም። ጅራቱ ቀይ የሆነ ግራጫ በቀቀን ነው። መጀመሪያ የሚያውቀው ፈረንሳይኛ ብቻ ነበር። እናቴ ምን እንደሚል ስትጠይቅ አባቴ «ለወይዘሮ የሚነገር አይደለም» ይላት ነበር።

እኔና ወፉ በለውዝ ተግባባን። አንድ ፍሬ ሲያገኝ በአንድ እግሩ ይዞ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ይበላል፤ ከዚያ ስላገኘው ነገር የሚከፍል ይመስል አንድ ነገር ይናገራል። የወንድሜን ለቅሶ ተማረ። የእናቴን «ኤጭ!» ተማረ። ቀጥሎ ጠሪውን ተማረ።

ያኔ እኛ ቤት ስልክ አልነበረም። ባቡር ሲዘጋጅ ነጂውን ከቤቱ የሚጠራ ሰው ይላካል። የእኛ ጠሪ ሽርጥ የሚያገለድሙ፣ ጉሮሯቸው የሻከረ፣ ሳል የማይለያቸው ሶማሌ ሽማግሌ ነበሩ። ከአጥሩ ውጭ ቆመው ይጣራሉ። እንደ አገሩ ልማድ ለማንም ሰው «አንተ» ነው የሚሉት፤ ባቡር ነጂ ደግሞ ለሳቸው ሁሉም፣ ከፈረንሳዮቹ በተወሰደው ቃል፣ «ሙሴ»፣ ማለትም ጌታው ነው።

«ሙሴ! ያ ሙሴ! ባቡር ቆሟል፣ ተነስ!»

ይህን ሲሰማ አባቴ ዓይኑ ሳይገለጥ እግሩ ጫማ ይፈልጋል። እሱ ከወጣ በኋላ መስኮቱ ይከፈታል፤ መሮጥም መጮህም ይፈቀዳል። ወፉ አንድ ቀን ያንኑ ጥሪ ሲጣራና አባቴ ተነስቶ ሲሄድ ባየሁ ጊዜ፣ ለወፉ አንድ እፍኝ ለውዝ ሰጠሁት። ከዚያ በኋላ ቤቱ ዝም ብሎ ሲሰለቸኝ ለውዝ አሳየዋለሁ፤ ወፉም ሥራውን ያውቃል።

አባቴ በዚያ ፀሐይ ጣቢያ ይደርስና ማንም እንዳልፈለገው ተነግሮት ይመለሳል። ሲመለስ ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተጣብቆ፣ ደጃፉ ላይ ቁጭ ብሎ ጫማውን ለማውለቅ እንኳ ጊዜ ይወስድበታል። በመጨረሻ ሽማግሌውን ጣቢያ አግኝቶ በሰው ፊት ተናገራቸው። በማግስቱ እየተቆጡ ቤታችን መጡ።

«ወላሂ አልጠራሁህም! እብድ ነኝ እንዴ? በዚህ ሐሩር፣ በዚህ ባለቀ ጉሮሮ በነፃ የምጮኸው?»

«ድምፅዎን አላውቀውም?» አለ አባቴ። «ሚስቴም ሰምታለች።»

«ሰምቻለሁ» አለች እናቴ ወንድሜን ጀርባዋ ላይ እያስተካከለች። «ማን እንደጠራ ግን እኔን አትጠይቁኝ። እኔ ከወለድኩ ወዲህ የሰማሁት ሁሉ በሕልሜ ይሁን በውኔ አላውቅም።»

ሽማግሌው መልስ ሊሰጡ አፋቸውን ሲከፍቱ ከጀርባቸው «ሙሴ! ያ ሙሴ!» የሚል ተሰማ። ሳሉም አብሮ ነበር።

ሽማግሌው ቀስ ብለው ዞሩ። ወፉን ከላይ እስከ ታች አዩት።

«አቦ!» አሉ። «እኔ ሳልሞት ሥራዬን ወረሰ?»

እናቴ ሳቀች። ብዙ ጊዜ ስትስቅ ሰምቻት አላውቅም ነበር። አባቴ አልሳቀም። በቀትር ጎጆው በጨርቅ ይሸፈን አለ፤ አንዴ እንኳ ደግሞ ከጠራው በሚቀጥለው ባቡር ወደ ጅቡቲ እንደሚልከው ተናገረ። አባቴ ዝቶ የቀረ ነገር ትዝ አይለኝም። ለውዙን ተውኩት። ወፉ ጨርቁ ውስጥ ሆኖ በፈረንሳይኛ ያጉረመርማል፤ እኔ ምንጣፍ ላይ ተጋድሜ የጣሪያውን እንጨቶች እቆጥራለሁ።

እንዲህ ሆነን ሳለ አንድ ቀትር ላይ ጥሪው መጣ።

አባቴ ከረጅም ጉዞ ገብቶ ገና መጋደሙ ነበር። ዓይኑን አልገለጠም።

«አይ ይሄ ወፍ» አለ። «ነገ ይሄዳል። በቃ።»

ወደ ግድግዳው ዞረ። ጥሪው ተደገመ። እናቴ አልሰማችም፤ እጇ ወንድሜ ላይ እንዳለ እንቅልፍ ወስዷታል። ባቡር ያስቆመ ነጂ ምን እንደሚደርስበት ያን ጊዜ አላውቅም። የማውቀው ወፉ ባልሠራው ነገር ነገ እንደሚሄድ ብቻ ነው።

«አባባ፣ ወፉ አይደለም!» አልኩ። «ዛሬ ለውዝ አልሰጠሁትም!»

አባቴ ተነስቶ ተቀመጠ። ከውጭ ሽማግሌው እየሳሉ «ኧረ ሙሴ፣ ሞተሃል?» አሉ። አባቴ ጫማውን በእግሩ እየፈለገ ወደ እኔ ያይ ነበር። አልተቆጣም። ለመቆጣትም ጉልበት ያስፈልጋል። ሲወጣ ጨርቁን ከጎጆው ላይ ገፈፈና ሄደ።

በተመለሰ ጊዜ በረንዳው ላይ ከወፉ ፊት ለፊት ብዙ ተቀመጠ። እኔ የጅቡቲውን ቃል እጠብቅ ነበር።

«ወፉን ለሽማግሌው ውሰጂላቸው» አለኝ። «እሳቸው ጉሮሮ የላቸውም፤ እኛ ደግሞ እንቅልፍ የለንም።»

ጎጆውን በሁለት እጄ አቅፌ ወሰድኩት። ሽማግሌው ለረጅም ጊዜ ሳቁ፤ ለእኔም ቴምር ሰጡኝ።

ከዚያ በኋላ በከዚራ ዛፎች ጥላ ሥር ጎጆውን አንጠልጥለው ይመጡ ነበር። አጥሩ ጋ ሲደርሱ ወፉ ይጣራል፣ እሳቸው አጥሩን ተደግፈው ያርፋሉ። አባቴ ጥሪው ከማን ጉሮሮ እንደወጣ ሳይጠይቅ ይነሳል። እኔ ከሱ ቀድሜ አጥሩ ጋ እደርስና በጎጆው ሽቦ መካከል ለወፉ ለውዙን አቀብለዋለሁ።