ሞተሯን ያስነሣሁበት ቀን

ዛሬ የጎረቤቶቼን የሚካኤል ማኅበር በተንኩት።

ስሠራት የከረምኳትን በሪሞት የምትበር የጦር አውሮፕላን ታውቋታላችሁ። የማርቆስ ከተማ ሱቆች ከጣሉት የቴሌቪዥን ማሸጊያ ፎም ነው የሠራኋት። ክንፏ ሰፊ ስለሆነ እሷ አልጋ ላይ፣ እኔ መሬት ላይ ነበር የምንተኛው። (ለምን አታገባም ለምትሉኝ መልሱ ይኸው።)

ዛሬ ግቢዬ ውስጥ ክንፏን ገጥሜ፣ ጭራዋን ከዛፍ ጋር አስሬ ሞተሯን አስነሣሁ። ድምፁ ሲያምር!

ከአጥሩ ማዶ ዳቦው ሊቆረስ ነበር። ዳቦ ሳይቆረስ ከማኅበር የሚነሣ ሰው አይቼ አላውቅም። ዛሬ ግን ሁሉም ከዳሱ ወጥቶ፣ አንዱ ባሕር ዛፍ ሥር፣ አንዱ ግድግዳ ጥግ፣ ተራርቆ ሰማይ ሰማይ ያያል። ድሮን መስሏቸው ነው።

ሞተሩን አጥፍቼ "የኔ ናት! መጫወቻ ናት!" እያልኩ ሮጥኩ።

የነፍስ አባቴ ቢላዋውን እንደያዙ ቆመዋል።

"አባ፣ ይፍቱኝ። ሁለተኛ ሲሰሙት እኔ ነኝ፣ አይደንግጡ" አልኳቸው።

"ልጄ" አሉኝ ቀስ ብለው፣ "እውነተኛው ሲመጣስ፣ አንተ መስለኸን ቁጭ ብንል?"

ፈታትቼ ካርቶን ውስጥ ከተትኳት። አልጋዬ ተለቋል፤ ጋደም ማለት ግን አልቻልኩም።

እናንተስ፣ ሰው እንዳይደነግጥ ብላችሁ የተዋችሁት የምትወዱት ነገር አለ? ጻፉልኝ።