የቁም ጸሐፊው የቡና ቅጠል

በድሮው ዲላ ዕድሜ የጠገበ ሰው ቤት የገባ፣ ከግድግዳው ላይ ወይም ከሣጥኑ ውስጥ መዳፍ የምታህል አንዲት ብራና አያጣም ነበር። ቀለም የሚባል ነገር አልነካትም። ወደ ብርሃን ዘንበል ሲያደርጓት ግን አበባ ብቅ ይልባታል፤ ጣት ሲያሳልፉባት እያንዳንዱ ቅጠል ይዳሰሳል። የቁም ጸሐፊው የጉግሳ ሥራ ናት።

ጉግሳ ከመንዝ ወርዶ ዲላ የከተመ፣ ረጅም፣ ቁጥብ ሰው ነበር። ብራና ሲያዘጋጅ የሚተርፈውን ቁራጭ አይጥልም። የእንቁጣጣሽ ሰሞን ቁራጩን በእርጥብ ጨርቅ ያለሰልስና በፍየል ቀንድ ጫፍ ከጀርባው እየተጫነ አደይ አበባ ያወጣበታል። ከኋላ የጎደጎደው ከፊት ያብጣል። ያንን ለየጎረቤቱ፣ ለክርስቲያኑም ለእስላሙም፣ "እንኳን አደረሳችሁ" እያለ ያድላል። ለምን ቀለም አትቀባውም ሲሉት፣

"ቀለም ለዳዊት ነው፤ ለደስታ ጣት ይበቃል" ይላል።

አደዩን የሚሠራው አይቶ አልነበረም። ካገሩ ሜዳ በልቡ ይዞት ከመጣው ነው።

አንድ ስእለትም ነበረበት፤ በእጁ ዳዊት ጽፎ ለቤተ ክርስቲያን ሊሰጥ። ለዚህ ብሎ ስምንት ዓመት ሙሉ የደጋውን የቡሌን ፍየል ቆዳ ብቻ እየመረጠ ፍቋል፣ አለስልሷል፣ በወስፌ መስመር አስምሯል። "የቡሌ ፍየል እሾህ አያውቅም፤ ቆዳው የሕፃን ጉንጭ ነው" ይል ነበር። ልጁ ዘርትሁን አብሮት ፍቋል። የብራና ቅጠሎቹ በነጭ ጨርቅ ተጠቅልለው በሣጥን ተቀምጠው፣ የሚቀረው ቀለሙና ጊዜው ብቻ ነበር።

በ1930 ዓመተ ምሕረት ኅዳር ላይ ጣሊያኖች ዘርትሁንን ያዙት። ኪሱ ሲፈተሽ አንድ የጥይት ቀልሃ ተገኘ። ልጁ ቀልሃውን የፈለገው ለአባቱ የቀለም ዕቃ እንዲሆን ነበር፤ ግን ማን ሊያምነው? ከከተማው በታች ካለው እስር ቤት አስገቡት። ከገና በኋላ እስረኞቹ በካሚዮን ተጭነው ወደ ሱማሌ በረሃ እንደሚወሰዱ ተሰማ። ከዚያ የተመለሰ ሰው ደግሞ አልታየም።

መንገድ የከፈተችው ባለሱቋ ሀዲጃ ናት። የእስር ቤቱ አዛዥ፣ አንድ ጣሊያን ሻምበል፣ ሻማ ሊገዛ ሱቋ ገብቶ መደርደሪያው ላይ የጉግሳን ብራና አየ። አንሥቶ በጣቱ ዳሰሰው። ማን ሠራው ብሎ በአስተርጓሚው በስመኝ በኩል ሲጠይቃት ሀዲጃ አልፈራችም።

"የሠራው ሰው ልጅ እናንተ ዘንድ ታስሯል በለው" አለች።

ጉግሳ ተጠራ። ነገሩ አጭር ነበር። ሻምበሉ ለገና ማዕድ አርባ መኮንኖች ጠርቷል፤ በየሳህኑ ላይ የእንኳን አደረሰህ ብራና እንዲቀመጥ ፈልጓል።

"በገና ዋዜማ ፀሐይ ሳትጠልቅ አርባውን አምጣ፣ ልጅህን ውሰድ። ካሚዮኑ በገና ማግስት ይነሣል፤ አንድ ብትጎድል ቃሌን አላውቃትም ብሏል" አለው ስመኝ።

ጊዜው ጾም ነውና ክርስቲያን አያርድም፤ ቆዳ ከየት ይምጣ? ይህንንም ሀዲጃ ፈታችው።

"የእኛ ሰዎች ያርዳሉ፣ ጋሽ ጉግሳ። ወይስ የእስላም ፍየል ብራና አይሆንም?"

"ለዳዊት አይሆንም። ለጣሊያን ግን ምን ከልክሎት!"

"ወላሂ! ጣሊያን ጾም አስገደፈህ በለኛ!"

ከብዙ ቀን በኋላ ጉግሳ ያን ቀን ሳቀ። ቆዳዎቹን ነከረ፣ ጠጉራቸውን ፋቀ፣ በእንጨት ወጠረ። ሥራውን ሲያሰላም ታኅሣሥ ሃያ ስምንትን ዋዜማ አድርጎ አሰላ። ቀኑ ተረፈው። ብራና ችኮላ አይወድምና በእርጋታ ይሠራ ጀመር።

ታኅሣሥ ዐሥራ አምስት ጧት ሀዲጃ ነጠላዋ ከትከሻዋ እየወደቀ ከደጁ ደረሰች።

"ጋሽ ጉግሳ! ጣሊያኖቹ ሻማዬን ጠርገው ገዙኝ። ጥድ ቆርጠው በራቸው ላይ አቁመዋል። ገናቸው ነገ ነው!"

"የታኅሣሥ ገብርኤል እንኳ አልደረሰ፣ የምን ገና ነው?"

"የእነሱ ከእናንተ ዐሥራ ሦስት ቀን ይቀድማል እኮ! እኔ እስላሟ የማውቀውን አንተ ክርስቲያኑ ሳታውቅ?"

ጉግሳ ወደ ውጥሮቹ ዞረ። ቆዳዎቹ ገና ከነሽታቸው ነበሩ፤ ሌላ ዐሥር ቀን ይፈልጋሉ። ልጁን በቀን ቆጠራ ስሕተት የገደለው መሰለው። ከደጁ መደብ ላይ ተቀመጠ፤ የሚስቱን የይመኙሻልን ዓይን ማየት አቃተው። እሷ ገብታ የሣጥኑን ቁልፍ አምጥታ ጭኑ ላይ አኖረችለት።

"የስእለት ነው" አላት።

"ዘርትሁንስ የስእለት ልጅ አይደለም?"

ሃያ አንድ የብራና ቅጠል አወጣ። እያንዳንዱን በካራ ለሁለት ለሁለት ከፈለ። ብራናው እንዲለሰልስ ይመኙሻል እያረጠበች በኮባ ቅጠል ጠቀለለችው፤ ይህን ከጌዴኦ ጎረቤቶቿ ነበር የተማረችው። ጉግሳ በቀንዱ አደይ እየተጫነ ሠራ። ቀትር ላይ የደረሱት ዘጠኝ ብቻ ነበሩ።

ይመኙሻል ወደ አጥሩ ሄዳ ከቡናው ቅጠል ቀንጥሳ ተመለሰች። አንዷን ከእርጥቡ ብራና ሥር አስገባችና፣

"በላዩ እሸው" አለችው።

"ይኼ ደግሞ የልጅ ጨዋታ ነው እንጂ ሥራ ነው?"

"ልጅህን ካወጣ ምን አገባህ?"

በቀንዱ ጎን አሸው። የቡናው ቅጠል ከነጅማቱ፣ ከነሞገዳማ ጠርዙ፣ እስከ ሹል ጫፉ ብቅ አለ። ጉግሳ ሥራውን አቁሞ ብዙ አየው።

"ሃያ ዓመት ያገሬን አበባ በልቤ ስፈልግ" አለ ቀስ ብሎ፣ "ይህ ደጄ ላይ ቆሞ ነበር?"

ፀሐይዋ ከተራራው ሳትደርስ አርባው አለቀ። አንዷ ባዶዋን፣ አንዷ ከጥግ ተቀድዳ ተረፉ።

ሻምበሉ አንድ በአንድ ቆጠረ። ከዚያ አንዷን ወደ መስኮቱ ከፍ አድርጎ ከቅጠሉ ሥር በተሰመሩት ቀጫጭን መስመሮች ላይ ጣቱን አስኬደ፤ ምን እንደሆኑም ጠየቀ።

"ዳዊት ሊጻፍባቸው የተሰመሩ ናቸው" አለ ጉግሳ ቀና ብሎ።

ስመኝ ጉግሳን አየ፤ ሻምበሉን አየ። ከዚያ በጣሊያንኛ አንድ ቃል ብቻ ተናገረ። ሻምበሉ ደስ ብሎት ልጁ የሚፈታበትን ወረቀት ፈረመ። ወጥተው ጉግሳ ምን አልከው ቢለው፣

"ጌጥ ነው አልኩት። ዳዊቱን ብነግረው ጸሎታችሁ በኛ ላይ ነው ወይ ቢልስ?" አለው።

ዘርትሁን ከስቶ፣ ጠጉሩ ተላጭቶ ወጣ። ቤት እንደገባ መጀመሪያ የከፈተው ያንን ሣጥን ነው። ስምንት ዓመት የፋቀው እሱም ነውና ጉድለቱ ወዲያው ታየው።

"አባዬ፣ ቅጠሎቹ የት ሄዱ?"

"ጣሊያኖቹ ነገ ዳዊት ይደግማሉ" አለ ጉግሳ። "አንተ እጅህን ታጠብና ብላ።"

ያ ዳዊት አልተጻፈም። ጣሊያን ሲወጣ የጉግሳ ዓይን ደክሞ ነበር፤ የቀሩትን ቅጠሎች ለቤተ ክርስቲያን በባዶአቸው ሰጠ። እስኪሞት ድረስ ግን እንቁጣጣሽ በመጣ ቁጥር ዲላ ከእጁ የቡና ቅጠል ተቀበለች፤ አደይ ከዚያ ወዲያ አልሠራም። ከጥጓ የተቀደደችው ዘርትሁን ዘንድ ቀረች። እንግዳ ሲመጣ ያወጣትና፣ "በዓይንህ አትይ፤ ዳስሳት" ይላል። መስመሮቹ እስከ ዛሬ ከቅጠሉ ሥር አሉ።