ሁለት እጁ የተያዘ አንባቢ

የስፌት መኪና ጠጋኟን ሰፈሩ የሚያውቃት «ብሎን» በሚል ስም ነው። ስሙ የወጣላት ስትሠራ ሁልጊዜ አንዲት ብሎን በከንፈሯ ስለምትይዝ ነው። ደንበኛ ሰላም ሲላት እንኳ ብሎኗን ሳታወጣ በአንገቷ ነው የምትመልሰው። ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ ከደረጃ ሥር ባለች ጠባብ ክፍል መኪና ስትፈታና ስትገጥም ኖራለች። አሁን ግን ዓይኗ እየደከመ ነው። ሐኪሙ ጥቃቅን ነገር የምታይበት ቢበዛ ሦስት አራት ዓመት እንደቀራት ነግሯታል።

እሷን ያስጨነቃት የዓይኗ ነገር ሳይሆን የደብተሮቿ ነገር ነው። የስልሳ ሁለት ዓይነት መኪና አፈታትና አገጣጠም በእጇ ጽፋ አስቀምጣለች። ከአራት ዓመት በፊት በከፈተችው ድረ ገጽ ላይ ማውጣት የቻለችው አሥራ ዘጠኙን ብቻ ነው። ቀን ሥራ አለ፣ ሲመሽ ደግሞ ዓይኗ እምቢ ይላታል። ድረ ገጹ የዕለት ወጪዋን ቢሸፍንላት ሱቋን ዘግታ ቀኑን ሙሉ ትጽፍ ነበር። ከዚህ ሌላ ሕልም የላትም።

በዚያ ሰሞን ታዲያ ያልጠበቀችው ሆነ። ከነጋዴዎች ማስታወቂያ እየሰበሰቡ እንደሷ ያሉ ትንንሽ ድረ ገጾች ላይ የሚለጥፉ ሁለት ድርጅቶች ተሻሙባት። አንዱ ደወለ፣ ሌላው ያንን ሰምቶ ዋጋ ጨመረ፣ የመጀመሪያው ደግሞ እጥፍ እከፍላለሁ አለ። ዕድሜዋን ሙሉ ደንበኛ ስትለማመጥ የኖረች ሴት እሷም በተራዋ ተለማማጭ አገኘች፤ ደስታው እንቅልፍ ነሳት። ጡረታ የወጣው የአውቶቡስ ሾፌር ባሏ ደግሞ ከሷ ባሰ። ስልኩን እኔ ካላነሳሁ እያለ፣ ድምፁን አወፍሮ «ጸሐፊዋ ነኝ» ይል ጀመር። በዚህ ጸሐፊነቱም ሁለቱን ድርጅቶች ማክሰኞ አራት ሰዓት ላይ ቀጠራቸው።

«አንተ ሰውዬ፣ ሁለቱንም ባንድ ሰዓት?»

«ለሁለቱም አራት ሰዓት ይመቸናል አሉ። ታዲያ እኔ ምን ላድርግ?»

ማክሰኞ ዕለት እጥፍ ከፋዩ ድርጅት ጫማው የሚያብረቀርቅ ጎልማሳ ላከ። ሌላው የላከው ቦርሳዋን ደረቷ ላይ ያቀፈች ዝምተኛ ሴት ነው። ቦታ ስለሌለ ጉልበት ለጉልበት ተነካክተው ተቀመጡ።

«እትዬ፣ የኛን ክፍያ የሚደርስበት የለም» አለ ባለ ጫማው።

«እኛ ደግሞ አንባቢዎን አናስቀይምም» አለች ባለ ቦርሳዋ።

ብሎን ልቧ ወደ እጥፉ አደላ፤ እጇም ወደ እስክሪብቶው ሄደ። ነገር ግን በሠላሳ አራት ዓመት ውስጥ ሳትሞክረው የተረከበችው መኪና የለም። አንድ ዓይነት የሆኑ ሁለት አሮጌ መኪናዎች ከመደርደሪያ አውርዳ ፊታቸው አስቀመጠች።

«ማስታወቂያችሁ የኔ ገጽ ላይ ምን እንደሚመስል ልታሳዩኝ በየስልካችሁ ይዛችሁ መጥታችኋል አይደል? በሉ እንግዲህ፣ ገጹን እያነበባችሁ እነዚህን ፈታችሁ ግጠሙልኝ።»

«እኔ?» አለ ባለ ጫማው።

«ታዲያ የኔ አንባቢ ማን መሰለህ፣ ልጄ? ሁለት እጁ የተያዘ ሰው ነው።»

ባሏ አውቶቡስ እንደሚያስነሳ ሰው ሰዓቱን አየና «ጀምሩ» አለ። ብሎንም ብሎኗን በከንፈሯ ያዘች።

ባለ ጫማው የገጹን መመሪያ እየተከተለ እስከ አራተኛው ደረጃ በደንብ ሄደ። በግራ እጁ የመኪናውን ትንሽ ሞላ ተጭኖ፣ በቀኙ ከመርፌው ሥር የሚገባውን የብረት ክዳን ይዞ አምስተኛውን ሊያነብ ሲል የፍራሽ ማስታወቂያ እየዘፈነ መጥቶ ገጹን በሙሉ ሸፈነው። መዝጊያዋ ምልክት ከምስር አትበልጥም። በክርኑ ሞከረ፣ አልሆነም። ጎንበስ ብሎ በአፍንጫው ቢነካት ጭራሽ የፍራሽ ሱቁ ተከፈተ፤ ሞላዋም ከጣቱ አምልጣ ተስፈነጠረች። ሰውዬው በዚያ ጫማው ጠረጴዛ ሥር ተንበርክኮ ፍለጋ ገባ።

የሴትየዋ ማስታወቂያ ከገጹ ግርጌ ዝም ብሎ ተቀምጧል። እሷም ቀስ እያለች ሰባተኛው ደረጃ ላይ ደረሰች። እዚያ ስትደርስ ክዳኑ አልገባ አለ። ደግማ ገፋችው፤ ነከሰ።

ብሎን «ቆሻሻ ነው፣ ጥረጊው» ልትል ጎንበስ አለች። አራት ዓመት ሙሉ «ሰባተኛው ላይ ይነክስብኛል» ብለው ለሚጽፉላት ሁሉ የመለሰችው ይህንኑ ነው። ቃሉ ሳይወጣት ግን የራሷን እጅ አየችው። እጇ ሳታዘው ሄዶ በመኪናው ጎን ያለውን መዘውር ያዘና መርፌውን ከፍ አደረገው። ገጹ ላይ እንዲህ አድርጉ የሚል የለም። ጆሮዋ ድረስ በሐፍረት ጋለች። ብሎኗን ከከንፈሯ አወጣች።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አለች። «እጄ ስለለመደው መጻፉን ረስቼዋለሁ።»

ክዳኑ ገባ። ሴትየዋ ቁራጭ ጨርቅ አስገብታ አንድ መስመር ሰፋች፤ ቀጥ ያለ መስመር። ጨርቁን ወደ ብርሃኑ አንስታ «እኔ ነኝ የሰፋሁት» አለች፣ ለራሷ እንደምትናገር። ብሎን አንባቢዎቿ አርባ ሺህ ደርሰዋል ሲሏት ሰምታ ነበር እንጂ አንዱንም እንኳ ሲያነብ አይታ አታውቅም። ደስ አላት።

ውሉን ከሴትየዋ ጋር ፈረመች። እጥፉ ቀረ። ሱቁም ሙሉ በሙሉ አይዘጋም፣ የሚዘጋው ከሰዓት በኋላ ብቻ ነው። ለቀሩት አርባ ሦስት ዓይነት መኪናዎች ይበቃል ብላ አሰበች። ቀለሙ ሳይደርቅ ባሏን ኮምፒውተሩ ፊት አስቀምጣ ሰባተኛውን ደረጃ ታጽፈው ጀመር። እሱም ባንድ ጣቱ ፊደል እየለቀመ ይመታል።

ባለ ጫማው ሞላዋን ከባልየው የሸሚዝ ኪስ ውስጥ አገኛት። ተሸንፏል፤ መሄድ ይችላል። እሱ ግን ከረባቱን ወደ ትከሻው ወርውሮ «ስልክሽን እስቲ አውሺኝ» አላት ተፎካካሪውን፤ እንደገናም ከአንደኛው ደረጃ ጀመረ።

«እትዬ፣ ሰባተኛው ላይ ነክሶ ያዘኝ» አለ በመጨረሻ።

«አሁን አርመነዋል፤ ገጹን እንደገና ክፈተው» አለችው።

ከፈተና ጮክ ብሎ አነበበ፦ «ክዳኑን ከመግፋታችሁ በፊት መዘውሩን ወደ ራሳችሁ አዙሩ፤ መርፌው ከፍ ይበል።» እጁ ሄዶ መዘውሩን ያዘ። ብሎን ጎንበስ ብላ እጁን አየች። ክዳኑ ጠቅ ብሎ ገባ።