የእናቴ መስኮት

ስድስተኛ ክፍል ላይ ትምህርት ካቋረጥኩ ወዲህ እስክሪብቶ የምይዘው ለፊርማ ብቻ ነበር። እንዲህ ያለ ነገር ስጽፍ የመጀመሪያዬ ነው። በአፌ ብናገረው ይሻል ነበር፤ ግን ሰው ፊት ስቆም ቃሉ ይጠፋብኛል።

ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ውስጥ፣ እኔና እናቴ አንዲት የጭቃ ቤት አለችን። እናቴ እግሯን ስለሚያማት ከቤት አትወጣም። ቀኑን ሙሉ መስኮቱ ስር ተቀምጣ ጥልፍ ትጠልፋለች። መስኮቱ የጎረቤታችንን ግቢ አሻግሮ ያሳያል፤ ዝቅ ስትል አስፋልቱን፣ ቀና ስትል ጦሳ ተራራን ታያለች። እኔ ኮምቦልቻ ካለው ፋብሪካ ስመለስ፣ ማን በየት እንዳለፈ፣ ማን አዲስ ጫማ እንዳደረገ የምትነግረኝ እሷ ናት።

የጎረቤታችን ልጅ አብሮ አደጌ ናት። ዩኒቨርሲቲ ገብታ የሕንፃ ንድፍ ተማረች። ጨርሳ ስትመለስ እሁድ እሁድ "ነይ ሕንፃ እንይ" እያለች ትወስደኝ ጀመር። እኔ እስከዚያ ድረስ ሕንፃ የማየው ከሚኒባስ የት እንደምወርድ ለማወቅ ነበር።

ደሴ አዲሱ የእግረኛ መንገድ ላይ አስቀምጣኝ፣ "ምን ይታይሻል?" አለችኝ።

"ሰው።"

"አየሽ፣ መቀመጫ ሲኖር ሰው ይቆያል። ሰው የማይቆይበት ከተማ መተላለፊያ ነው።"

ኮምቦልቻ ወርደን ደግሞ ሙሉ ፊቱ ሰማያዊ መስታወት የሆነ ሕንፃ ፊት ቆምን። የከሰዓት ፀሐይ ፊት ለፊት ይመታዋል። "ይሄን የሠራው ሰው ኮምቦልቻን በክረምት ብቻ ነው ያያት" አለች። "ውስጥ የሚውለው ሰው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይበስላል።" ሳቅኩ። አንድ ባለ ባጃጅ አጠገባችን ቀስ አለና፣ "እህቶች፣ ትገዙታላችሁ ወይስ ላሳፍራችሁ?" አለ።

"ዛሬ ፎቁን ብቻ ነው የምንወስደው" አለችው፤ "ምድሩን ለአንተ ትተንልሃል።"

እነዚያን እሁዶች እወዳቸው ነበር። "አንቺስ የትኛው ቤት ደስ ይልሻል?" ብላ የጠየቀችኝ ሰው እሷ ብቻ ናት። አፍሬ፣ ቀስ ብዬ፣ "የኛ መስኮት" አልኳት። አልሳቀችብኝም። መጥታ እናቴ ቦታ ላይ ተቀመጠች። ጠዋት የፀሐይ ብርሃን ከጦሳ አናት ጀምሮ እንዴት ቁልቁል እንደሚወርድ፣ ከሰዓት ብርሃኑ እናቴ ጭን ላይ እንዴት እንደሚያርፍ፣ በክረምት ጉሙ ከየት በኩል እንደሚገለጥ ሁሉንም ነገርኳት። "ይሄ መጽሐፍ ላይ የለም" አለች። ደስ ብሎኝ ሰነበትኩ።

ብዙም ሳይቆይ አባቷ ግቢያቸው ላይ ፎቅ ሊሠሩ ተነሱ። በኛ ሰፈር መሠረት ከመቆፈሩ በፊት ጎረቤት ይጠራል፣ ዱዓ ይደረጋል፣ ባለቤቱም ለሚመጣው አቧራና ጩኸት አስቀድሞ አውፍ በሉኝ ይላል፤ ይቅርታውን ሥራው ሳይጀመር ይቀበላል። እናቴን ከነወንበሯ ተሸክመን ወሰድናት።

አባቷ ቆመው፣ "ለምናስቸግራችሁ አውፍ በሉን" አሉ። ከዚያ ወደ እናቴ ዞረው፣ "በመሃላችን መተላለፊያ ይቀራል። ብርሃንሽን አልነካም፣ ወላሂ" አሏት።

"አውፍ ብያለሁ" አለች እናቴ። እኔም ከሰዉ ጋር አሚን አልኩ።

ግንቡ ከፍ እያለ ሄደ፤ በኛ በኩል ያለው ጎን ግን ብሎኬት ሳይደረደርበት ምሰሶ ብቻ ሆኖ ቆየ። አንድ ከሰዓት ከፈረቃ ስመለስ እናቴ አምፖል አብርታ ትጠልፋለች። መስኮቱን ከፈትኩ፤ እጄን ስዘረጋ ብሎኬቱን ነካሁት። ሲሚንቶው ገና እርጥብ ነው።

"ሄደሽ እንዳትጣዪ" አለችኝ። "አንዴ አውፍ ብያለሁ። አላህ ፊት ያልኩትን አልመልስም።" ወንበሯን ወደ በሩ አዙራለች፤ ከበሩ የሚታየው የጎረቤት አጥር ነው።

እኔ ግንበኛው ተሳስቶ መስሎኝ ነበር። ጓደኛዬ ብታውቅ ዝም አትልም ብዬ ወደ እሷ ሮጥኩ። ሦስተኛው ፎቅ ላይ አገኘኋት። ከኋላዋ ግድግዳውን ሊያክል ትንሽ የቀረው መስኮት ተከፍቷል። ጦሳ ከአናቱ እስከ እግሩ ይታያል። ከመስኮቱ ስር ለአንድ ሰው የሚሆን መቀመጫ በሲሚንቶ ተሠርቷል፤ ብርሃኑ መጥቶ መቀመጫው ላይ አርፏል። የነገርኳት ሁሉ እዚያ ነበር።

"መተላለፊያውስ?" አልኳት።

"አባቴ አንድ ክንድ መሬት አይባክንም አለ።"

"ወላሂ ብለው ነበር።"

"እኔ ምን ላድርግ? ደንቡም ቢሆን ወሰን ላይ መስኮት አይፈቅድም፤ ስህተቱ ከናንተ ቤት ነው።" ዓይኗን ወደ ተራራው መለሰች። "እናትሽስ ቢሆን አውፍ ብለውን የለ?"

ዞሬ መውረድ ጀመርኩ። በዚያ የእሁድ ድምጿ ከላይ ጠራችኝ።

"እህቴ፣ እናትሽ ጦሳን ማየት ሲያሰኛቸው ይዘሻቸው ነይ። ደረጃውን ሰፊ አድርጌዋለሁ።"