ባለ መስኮቷ ካትሬል

እኔን ብሎ የመኪና ዳኛ! ስሜን መጻፍ የማልችል አሮጊት፣ ጉልበቴ ለሶላት እንኳ እሺ የማይለኝ፣ ካትሬል ሥር በሆዴ ስሳብ ያረፈድኩበትን ቀን ሳስበው ራሴን በጥፊ ማለት ያምረኛል። ማን ጠራሽ? ማንም። ማን ለመነሽ? ማንም። እንዲያውም ጎረቤቴ «ተይው» ብላኝ ነበር። የሐረር ሴት ናት፤ እዚህ ጅቡቲ፣ ካርቲየ ሁለት በሚሉት ሰፈር፣ ግንብ ለግንብ ተጣብቀን ነው ያረጀነው። እሷ ተይ ብላኝ የተውኩት ነገር የለም። በሽታዬ ነው።

ካትሬል የምላችሁ ያቺን ትንሿን የፈረንሳይ መኪና ነው። ማርሿ ከዳሽቦርዱ መሀል እንደ ጃንጥላ እጀታ የሚወጣ፣ ስትሄድ እንደ ግመል የምትወዛወዝ። ድሮ እዚህ አገር ከዝንብ ትበዛ ነበር። ሁለት ዓይነት ነበረች። ተራዋ ከኋላ በሯ ወዲያ ያለው ጎኗ ድፍን ላሜራ ነው። ባለ መስኮቷ ግን እዚያ ድፍኑ ቦታ ላይ በግራም በቀኝም አንዳንድ መስታወት አላት። ሌላ ሌላውን አላውቅም፤ እኛ ሴቶቹ የምንለያቸው በዚህ ነበር። የእኔ ባለ መስኮቷ ነበረች።

ባሌ፣ አላህ ይማረውና፣ ወደብ ላይ ነበር የሚሠራው። ወደ ሐበሻ አገር በባቡር የሚወጣው ሣጥን ላይ ምልክት የሚያደርግ እሱ ነው። እንደኔው ፊደል አልቆጠረም፤ ስለዚህ የራሱን ምልክት አወጣ። ሁለት ሰረዝ፣ ከሥሩ የዓሣ መንጠቆ፣ በሰማያዊ የሰም እርሳስ። እጁ ለምዶ ቤትም አይተውም ነበር። የዱቄቱ ጆንያ ላይ፣ የልብሴ ሣጥን ላይ፣ የልጆቹ አልጋ ላይ። «ቆይ አንድ ቀን ግንባሬ ላይ ታደርገውና ባቡር ላይ ይጭኑኛል» እለው ነበር። እኔ በዚህ ዓለም የማነበው ጽሕፈት ያ ብቻ ነው።

ከእኔ በፊት ድሬ ዳዋ ሚስት ነበረችው። «ፈትቻታለሁ፣ አለቀ» አለኝ። እኔም አለቀ ካለ አለቀ ነው ብዬ ሁለተኛ አልጠየቅሁም። ጅል ልበላችሁ ወይስ ሙሽራ?

በተጋባን ባመቱ መኪና ልግዛ አለ። «ተራዋን የምገዛበት አለኝ። ባለ መስኮቷ ግን ጭማሪ ትፈልጋለች። አንቺ ከኋላ ተቀምጠሽ ባሕሩን እንድታዪ እፈልጋለሁ» አለኝ። ይኼን የሰማች ሴት ምን ታደርጋለች? እናቴ ለሠርጌ የሰጠችኝን አራት የወርቅ አምባር በሳሙና አሙለጭልጬ አወለቅኩና እጁ ላይ አስቀመጥኩለት። አንዷ ላይ የእናቴ የጥርስ ምልክት ነበረባት። እናቴ ወርቅ ስትገዛ ነክሳ ነበር የምትገዛው።

«ከመርከብ እስክትወርድ» ብሎ ሁለት ሳምንት አስጠበቀኝ። ከዚያ አንድ ጁምዓ ጡሩምባውን እያስጮኸ መጣ። ባለ መስኮት! ሰፈሩ ወጣ፣ እልል አልን።

እንግዲህ እኔ ዕድሜዬን በዚያች መስኮት ሥር ነው የተቀመጥኩት። ከፊት ነይ ብትሉኝ አልመጣም። ጎረቤቴን ገበያ አብሬ ስወስዳት በወዲያ በኩል አስቀምጣትና «መስታወቱን በጣትሽ እንዳትነኪ፤ በአምባሬ ውስጥ ነው ባሕሩን የምታዪው» እላት ነበር። እሷም ዝም ብላ ታያለች። ልብስ ለመነገድ ድሬ ዳዋ ስትመላለስ እንኳ እንደዚያ ዝም ብላ አታውቅም፤ ባቡር ላይ ከተሳፋሪ ሁሉ ትጣላ የነበረች ሴት። ቅናት መስሎኝ ደስ ይለኝ ነበር።

እሱ ከሞተ ወዲህ መኪናዋ ግቢ ውስጥ ቆማ ቀረች። ፍየሏ ወረሰቻት፤ የኋላ ወንበሩ ላይ ትተኛለች፣ በእኔ ቦታ።

አሁን በቅርቡ አንድ ጎልማሳ መጣ። አባቱ የአዲስ አበባ መንገድ የከባድ መኪና ሾፌር የነበረ፣ እዚሁ ከተማ አምቡሊ ሰፈር ተወልዶ ያደገ፣ አሮጌ መኪና እየፈለገ እንደ አዲስ የሚያድስ ሰው ነው። በበሩ በኩል አየና ቆመ።

«እማማ፣ ይቺ ኦሪጂናል ባለ መስኮት ናት?»

«ምን ትመስልሃለች? የምትቀልባት ፍየል?»

ሳቀ። ኦሪጂናል ከሆነች ገዝቼ አድሳታለሁ አለኝ። «ከመውሰዴ በፊት ደግሞ አንቺን ከኋላ አስቀምጬ መሀል ከተማ ሜኔሊክ አደባባይን አዞርሻለሁ።» በቃ፣ ልቤ ጠፋ። ሳልሞት አንድ ጊዜ በዚያች መስኮት፣ በእናቴ አምባር ውስጥ፣ አደባባዩን ላይ ነው! ሌላ ምን ቀረኝ?

ጎረቤቴ ልብሷን እያሰጣች ትሰማለች። «ተይው አንቺ ሴትዮ። ለቁርጥራጭ ብረት ሽጪና እረፊ።»

«ቀናሽ?»

«በፍየል ቤት?»

ሰውዬው ኮፈኑን ከፈተና በጨርቅ መጥረግ ጀመረ። እዚያ ትንሽ ቆርቆሮ ተመትታለች፣ ፋብሪካው ቁጥር የጻፈባት። እኔ ለቁጥር ቦታ የለኝም፣ ዓይኑ እዚያ ሲቆይብኝ ጊዜ ተናደድኩ።

«ቁጥሩን ተወው። ካትሬል ኦሪጂናል መሆኗን በገመድ ነው የሚያውቁት። በቀኝ በኩል ከፊት ጎማ እስከ ኋላ ጎማ ለካ፣ ከዚያ በግራ ለካ። ቀኙ በሦስት ጣት ካልበለጠ ፍየሏን ውሰዳት!»

ሟቹ ነው ያሳየኝ። ፈረንሳዮቹ ሲሠሯት የኋላ ጎማዋን አንዱን ወደፊት አንዱን ወደኋላ አድርገዋታል። ገመድ ስፈልግ የልብስ ማስጫውን ፈታሁት። የጎረቤቴ እጥብ ልብስ በሙሉ አፈር ላይ ወረደ። «አቡክ!» ብላ አባቴን እየሰደበች ጮኸች። እኔ እቴ፣ ገመዴን ይዤ በሆዴ መኪናዋ ሥር ገባሁ። ቀኙን ለካሁ፣ ቋጠርኩ፤ ግራውን ለካሁ። ሦስት ጣት!

«እማማ፣ ይኼን መካኒክም ሁሉ አያውቀውም» አለኝ። ከመኪናዋ ሥር አቧራ ለብሼ ስወጣ ሰው ተሰብስቧል። የቀኑ ጫት ገና ከሐበሻ አገር አልገባም፤ ሥራ የፈታው ሁሉ እኛ በር ላይ ነው። «አያችሁ? ያልተማረች አሮጊት!» እያልኩ እንደ ዶሮ ተነፋሁ። ምነው እዚያው ላይ አፌን በያዘልኝ።

ሰውዬው ግን አልሳቀም። «ካትሬልነቷ እውነት ነው። ቁጥሯ ግን የተራዋ ነው።»

«ቁጥሩ ይዋሻል።»

«እሺ፣ መስኮቷን እንያት።»

በመስታወቱ ዙሪያ ያለውን ጎሚኒ፣ ጎማውን፣ በጥፍሩ ቀስ አድርጎ ላጠው። ሥሩ ስቱኮ ነው፣ በጣት የተለሰነ። ስቱኮውን ሲፍቀው የላሜራው ጠርዝ ታየ። «ፋብሪካ የሠራው መስኮት ጠርዙ ታጥፎ ነው የሚወጣው። ይኸው የበሩን ዳብሺው። አሁን ይኼን ዳብሺው።» ዳበስኩት። ጣቴን ቧጨረኝ። እንደ መጋዝ ጥርስ።

«በሰጌቶ፣ በብረት መጋዝ የተቆረጠ ነው» አለ። «መስታወቱም የሱቅ መስታወት ነው እንጂ የመኪና አይደለም። እውነቱን ልንገርሽ እማማ፣ ተራዋ ናት ዛሬ የጠፋችው፤ ድፍኗን እንደነበረች ብትቆይ ኖሮ ቆሜ ነበር የምወስዳት። አሁን ይቺ ተራዋም አይደለች፣ ባለ መስኮቷም አይደለች።»

«ሻጩ ነዋ ያታለለው!» አልኩ። «የኔን የዋህ! ከመርከብ የወረደች ብለው ቆራርጠው ሸጡለት!» ሟቹን እያዘንኩለት ነው፣ አያችሁኝ? ተታሎ ሞተ ብዬ አለቀስኩለት።

ሰውዬው ከውስጥ በኩል ፍየሏ ግማሹን የበላችውን የጎን ካርቶን ሳብ አደረገው። ከኋላው ላሜራው እንዳለ ነበር፣ ፀሐይ ሳያየው። ሰጌቶው የሄደበት መስመር በሰማያዊ ተሠምሯል። በሰማያዊ የሰም እርሳስ። በማዕዘኑ ላይ ደግሞ ሁለት ሰረዝ፣ ከሥሩ የዓሣ መንጠቆ።

«ይኼ ምንድን ነው? የፋብሪካ ምልክት አይደለም» አለ ሰውዬው።

ያን ሁሉ ሰው ፊት፣ ማንበብ የማልችለው እኔ ብቻዬን አነበብኩት።

«ምንም አይደል። ካርቶኑን መልሰው» አልኩት።

ጫቱ ገባ፣ ሰዉም ተበተነ። ሰውዬውም እጁን ጠርጎ ይቅርታ እማማ ብሎ ሄደ። ሜኔሊክ አደባባይን እንዲህ ሆኜ ዞርኩት።

ደረጃው ላይ ተቀምጬ አሰብኩ። አርባ ምናምን ዓመት ጨርቅ አርሼ ስወለውል የኖርኩት የሱቅ መስታወት ነው። የእናቴ ልጅ መሆኔ ታዲያ ምኑ ላይ ነው? እሷ ብትሆን መኪናዋን መጀመሪያ ትነክሳት ነበር። ወርቁ ከመስኮቱ ካልገባ የት ገባ? ጠጣው እንዳልል አይጠጣም። ቁማር አያውቅም። በየዓመቱ «ጭነት ላደርስ» እያለ በባቡር ድሬ ዳዋ ከመውጣት በቀር አመል አልነበረውም።

ጎረቤቴ አፈር የበላውን ልብሷን መልሳ ቧንቧው ሥር ታጥባለች። አላየችኝም፣ ወይም አላይሽም ብላለች።

«ሁለት ሳምንት ሙሉ የት አስቀምጦ ነው የቆረጣት?» አልኳት።

«እኛ ግቢ። ከባሌ ጋር። የሰጌቶው ድምፅ እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ። አንቺ ምንድን ነው ስትዪኝ ባሌ የብረት በር ይሠራል ያልኩሽ ያኔ ነው።»

«ታውቂ ነበራ!»

ቀሚሷን አዙራ ጨመቀችው፣ ውሃው እስኪያልቅ።

«አምባሮችሽን በዚያው ዓመት ድሬ ዳዋ ሚስቱ እጅ ላይ አይቻቸዋለሁ» አለችኝ። «የእናትሽ ጥርስ ያረፈባት ሳትቀር። ያምሩባት ነበር።»